የጠባይ ሽልማት ለማን ይሰጥ?

ባገራችን ተማሪ ቤቶች ዓመቱ ሲዘጋ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ልጆች በወላጆች ፊት እየተጠሩ ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማሉ። ጠባይ ግን በካርዱ ግርጌ ባንዲት ፊደል ይታለፋል። ስለዚህ መልካም ጠባይ በክፍል ውስጥ ይሸለም የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። ይሁን እንጂ መልካም ጠባይ የሚባለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራ።

ወረታን እንመልከት። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ለሩዝ የተስማማውም ስለዚህ ነው። ሩዝ ደግሞ እጅ ይፈልጋል። አረሙ ይነቀላል፣ ፍሬ ሲይዝ ወፍ ይጠበቃል፣ ኅዳር ላይ አጨዳው ይደርሳል፤ አብዛኛው ሥራ ትምህርት በተከፈተበት ወራት ነው። እንግዲህ «ሳይቀር የመጣ ይሸለም» ብንል ሽልማቱን የሚወስደው ቅጥር ሠራተኛ ያለው ሰው ልጅ ነው። ከማሳ ወጥቶ፣ ያመለጠውን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ የሚቀመጠው ልጅ ባዶ እጁን ይቀራል። እኛ ግን ብርቱው እርሱ ነው እንላለን። ደብተሩን ያዋሰውም እንዲሁ።

«ዝም ያለ ይሸለም» ማለትም አይበጅም፤ ጠያቂውን ልጅ አፉን ማስያዝ ነውና። (ዝምታማ በግም ዝም ይላል።)

በቅኔ ቤት ተማሪው ያማረ ቅኔ ሲቀኝ መምህሩና ጓደኞቹ «ይበል!» ይሉታል። ገንዘብ የለበትም፣ ቃልም አልተገባለትም፤ ያን ለመስማት ግን የቆሎ ተማሪው ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። እርግጥ በዚያው ቤት አለንጋም ነበረ፤ እርሱን አንመኝም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ስለ ቃል መግባት ካነሣን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 እነ ማርክ ሌፐር በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት አለ። ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ሽልማት እንሰጣችኋለን ብለው አሣሏቸው፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ የመሣል ፍላጎታቸው ቀነሰ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን እንዲህ አልሆኑም።

ስለዚህ ለማስተማር ወደ ፎገራ የምትወርዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከረሜላ ከመግዛታችሁ በፊት የልጆቹን ስም አጥኑ። ልጁን በስሙ ጠርታችሁ፣ የሠራውን ለይታችሁ በጓደኞቹ ፊት አመስግኑት። ለደብተር የሚበቃ ገንዘብ ከተገኘም ደብተር ለሌለው ይሰጥ፤ ያ ግን ሽልማት አይባል።