ከእግሩ ሥር ያለው ጽሑፍ ብቻውን ምስክር አይሆንም

ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የቻይና ፖርሴሊን የአበባ ማስቀመጫ በእጁ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው፣ ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም የተጻፉትን ስድስት ፊደላት ማየትና የየትኛው ንጉሠ ነገሥት ስም እንደ ሆነ አስነብቦ ባለጸጋ ሆንሁ ብሎ መደሰት ነው። ይህ ልማድ ብዙ ወራሾችን ያሳተ ስለ ሆነ ሊታረም ይገባዋል። በቻይና የፖርሴሊን ከተማ በጂንግደጀን የነበሩ ጠቢባን የቀደሙትን ለማክበር ሲሉ ያለፈ ንጉሥን ስም በአዲስ ሥራ ላይ መጻፍን እንደ ነውር አይቆጥሩትም ነበርና፣ በካንግሺ ዘመነ መንግሥት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1662 እስከ 1722) የተሠራው ዕቃ ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የቀደመውን የቸንግኋን ስም ሲሸከም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ደግሞ በተራው የካንግሺን ስም ተሸክሞ ይገኛል።

ከስሙ ይልቅ የሚታመነው የዕቃው ገላ ነው። የሚያብረቀርቀው ልባስ ያልደረሰበትን የእግሩን ክብ ጠርዝ በጣት መዳሰስ፣ ከዚያም በአጉሊ መነጽር መመርመር ያስፈልጋል፤ በረጅም አገልግሎት የመጣ መበላት እዚህ ጠልቆ እዚያ ሳስቶ ሲታይ፣ ያረጀ ለማስመሰል በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀው ግን ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። «ቻይና» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎበት ከተገኘም፣ አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ በሕግ ስላዘዘች፣ ዕቃው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይስማሙም። በ2022 በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ በተደረገ ሐራጅ፣ ዘንዶና ደመና የተሣለበትን አንድ የውርስ ማስቀመጫ ባለሙያው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ብሎ ከ1,500 እስከ 2,000 ዩሮ ቢገምተው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብለው ያመኑት ተጫራቾች ዋጋውን 7.7 ሚሊዮን ዩሮ አደረሱት።

ስለዚህ ወራሽ የሆናችሁ ሁሉ፣ ዕቃውን ማን፣ መቼና ከየት እንደ ገዛው የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ አሮጌ ደረሰኝና ፎቶግራፍ አትጣሉ፤ የተሰነጠቀውንም በራሳችሁ ሙጫ አትለጥፉ። ግምቱንም ዕቃውን ሊገዛችሁ ከሚፈልግ ነጋዴ አፍ አትቀበሉ።