ትንሿ መስኮት ማንን ታሳንሳለች?

ባለፈው ዓመት የአንድ ጓደኛዬን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናበርኩት እኔ ነበርኩ። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቪዲዮ ማቀናበር የቅዳሜና እሑድ ሱሴ ነው። ሠርጉ እዚህ ሎስ አንጀለስ ነበር። የሙሽራው እናት ግን ቪዛ ስላላገኙ አዲስ አበባ ቀሩ። ስለዚህ ምርቃቱ በቪዲዮ ጥሪ እንዲሆን ተወሰነ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ፣ ሙሽሮቹ ፊቱ ተንበረከኩ፣ እንግዳው ሁሉ ቆሞ «አሜን» አለ። ያልቀደሰ፣ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ካልቨር ሲቲ ያለው ቤቴ ገብቼ ቀረጻውን ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት። ሁለት ምስል ነበረኝ፤ አንዱ ካሜራ አዳራሹን ያነሣው፣ ሌላው የቪዲዮ ጥሪው ቅጂ። ያደረግኩት ነገር ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት ነው። አዳራሹን ሙሉ ስክሪን አደረግኩት፤ እናትየውን አሳንሼ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወርቃማ ጠርዝ ጨመርኩበት፤ መስኮቷ ስትገባ እየተሽከረከረች እንድትመጣም አደረግኩ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ቪዲዮው አዲስ አበባ ደረሰ። እናትየው በልጃቸው ስልክ አይተው ደወሉልኝ። «አንተ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን ምነው እኔን እንደ ቴምብር ጥግ ላይ ለጠፍከኝ?»

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቪዲዮውን እኔም በስልኬ ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው። ለምርቃት የዘረጓቸው እጆች አይታዩም። ከንፈራቸው አይታይም። ትልቁን ስክሪን የሞላው ደግሞ የእንግዶች ጀርባ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ወደ እናትየው ሲያይ፣ እኔ ተመልካቹን ወደ ሰው ጀርባ እንዲያይ አደረግኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚች ትንሽ መስኮት ጠንከር ያለ አቋም ይዣለሁ፤ የዛሬው ጽሑፌም እሱ ነው። ፒክቸር ኢን ፒክቸር ጌጥ አይደለም። ትንሿን መስኮት በከፈታችሁ ቁጥር ሁለት ነገር ትወስናላችሁ፤ ማን እንደሚያንስና ምን እንደሚሸፈን። ሶፍትዌሩ ይህን ውሳኔ አይጠይቃችሁም፤ ዝም ብሎ ያደርግላችኋል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ስልካችሁ ላይ ሌላ አፕ ስትከፍቱ ጥግ ላይ መጫወቱን የሚቀጥለው ተንሳፋፊ ቪዲዮም በዚሁ ስም ይጠራል። አንድሮይድ ላይ ከ8.0 ጀምሮ አለ። እሱን ግን ተመልካቹ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል፣ ካስፈለገው ይዘጋዋል። እኔ የማወራው በኤዲቲንግ ስለሚሠራው፣ አንዴ ከተሠራ ተመልካቹ ሊነካው ስለማይችለው መስኮት ነው። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የአቀናባሪው የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የዚህ ዘዴ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። በቴሌቪዥን ሥርጭት በዲጂታል መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ እንደሆነ ይነገራል። ኳንቴል በተባለ ኩባንያ መሣሪያ፣ በሰፊው ስታዲየም ምስል ውስጥ የኦሎምፒክ ችቦው ነበልባል በቅርበት ተከፍቶ ታየ። (ያ ኦሎምፒክ የእኛዎቹ ያልነበሩበት ነው። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ፤ ምሩፅ ይፍጠርም ሳይሮጥ ቀረና ወርቁን በ1980 ሞስኮ ላይ አመጣው።) ልብ በሉ፤ መስኮቱ የተከፈተው ምክንያት ኖሮት ነው። ስታዲየሙን በሙሉ ካሳዩ ነበልባሉ ነጥብ ይሆናል፤ ነበልባሉን ብቻ ካሳዩ ስታዲየሙ ይጠፋል። ተመልካቹ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማየት ነበረበት።

መመዘኛው ይኸው ነው። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል? መልሱ «አይ» ከሆነ፣ መስኮት አያስፈልግም፤ ቆርጦ ማቀያየር ይበቃል። የምኖርባት ከተማ የድሮው ኤምጂኤም ስቱዲዮ፣ የዛሬው የሶኒ ፒክቸርስ ግቢ ያለባት ናት። በፊልም ሁለት ሰዎች በስልክ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ነው የምናየው። ግራ ተጋብተን አናውቅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ የላይኛውን ክሊፕ ዙም ወደ 25 በመቶ ስታወርዱት የስክሪኑን ሩብ የያዘ ይመስላችኋል። አይደለም። ወርዱም ቁመቱም ሩብ ስለሚሆን ስፋቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። 1920 በ1080 በሆነ ቪዲዮ ላይ መስኮቷ 480 በ270 ፒክስል ትሆናለች። ላፕቶፕ ላይ ደህና ትመስላለች። ነገር ግን ባሕር ዳር ወይም ደሴ ያለ ተመልካች ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን 360 ላይ አድርጎ ሲያይ ያቺ መስኮት 160 በ90 ፒክስል ብቻ ትሆናለች። ፊት የመስኮቷን ቁመት ሲሶ ቢይዝ 30 ፒክስል ነው። የእናትየው «ቴምብር» ማጋነን አልነበረም፤ ልኬት ነው።

መስኮቷ ውስጥ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ በተለይ በፊደላችን። ኮድ ወይም የስልክ አጠቃቀም የሚያስተምር ቪዲዮ ሠርታችሁ፣ ራሳችሁን ትልቅ አድርጋችሁ የስክሪን ቅጂውን በጥግ መስኮት አስቀመጣችሁ እንበል። በዋናው ቅጂ 36 ፒክስል የነበረ ፊደል ወደ ሩብ ሲያንስ 9 ፒክስል ይሆናል፤ በ360 ጥራት ሲታይ 3 ፒክስል። በ3 ፒክስል የላቲን ፊደልም አይነበብም፤ የእኛ ግን ከዚያ በፊት ነው የሚጠፋው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ለአንዱ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ፣ ለሌላው ከእግሩ ሥር። ምስሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ የምትሄደው ያቺ ጭረት ናት። የምግብ አሠራር ቪዲዮ ላይ «ቢላ» ይሁን «ቡላ» ተመልካቹ መገመት ይጀምራል። የላቲን ፊደል ያላቸው አስተማሪዎች የሚጠቀሙበትን የመስኮት መጠን እንዳለ መቅዳት ለእኛ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የምልክት ቋንቋ ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ዜና ላይ አስተርጓሚዋን በጥግ መስኮት ውስጥ አይተናታል። ለሚሰማ ሰው ያቺ መስኮት ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። መስማት ለተሳነው ተመልካች ግን ዜናው እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ስም በጣት ፊደል ሲጻፍ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከሰባቱ ድምፆች የትኛው እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ አስቡት። በጽሑፍ የጭረቷን ያህል፣ እዚህ እንቅስቃሴዋ ትጠፋለች። መስኮቷ ስታንስና ምስሉ ሲቆራረጥ የሰው ስም ይጠፋል።

የብሪታንያ ብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በመመሪያው የአስተርጓሚው ምስል ከስክሪኑ አንድ ስድስተኛ እንዳያንስ ይመክራል። ይህን ወደ ሶፍትዌር ስንቀይረው ዙሙ 41 በመቶ ገደማ መሆን አለበት ማለት ነው፤ በ1920 ስክሪን ላይ ወርዱ ወደ 784 ፒክስል። ብዙዎቻችን በልማድ ከምናስቀምጠው 25 በመቶ ጋር አወዳድሩት። ልዩነቱ በስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የማኅበራት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የትምህርት ቤት ቪዲዮ የምትሠሩ ሁሉ፣ አስተርጓሚ ካላችሁ ከ41 አትውረዱ።

«ታዲያ ፊታችንን አናሳይ?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፊት እምነት ይፈጥራል፤ በአማርኛ ሲያስተምር ፊቱን የሚያሳይ ሰው ማየት ለጀማሪ ልጅ «የእኔም ሰው ይህን ይሠራል» የሚል ስሜት ይሰጣል። እኔም ይህን አልጥልም። የምለው ፊታችሁን በሚያስፈልግበት ጊዜ በሙሉ ስክሪን አሳዩ ነው። ሰላም ስትሉ፣ ከባድ ሐሳብ ስታስረዱ፣ ስትሰናበቱ። ኮዱ ሲመጣ ግን ከመንገዱ ዞር በሉ። የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ሙሉ ጥግ ላይ ሆኖ የሚያየን ፊት፣ ከሥሩ የስሕተት መልእክቱን የያዘውን መስመር ከሸፈነ፣ አስተማሪው የተማሪው ደብተር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

አሁን እኔ የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ። ሶፍትዌሩ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃው ቅጂ ይህን ሁሉ ይሠራል፤ ኬደንላይቭና ሾትከት ነፃና ክፍት ናቸው፤ ስልክ ላይ ካፕከት አለ። መርሁ አንድ ነው። ዋናው ክሊፕ ታችኛው ትራክ ላይ፣ ትንሹ ከላዩ ባለው ትራክ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ የላይኛው መጠንና ቦታ ይስተካከላል።

አንደኛ፣ ስክሪኑንና ካሜራውን ለየብቻ ቅረጹ። ኦቢኤስ ላይ ሁለቱን በአንድ ትዕይንት አጣምራችሁ ከቀረጻችሁ መስኮቷ ከምስሉ ጋር ተጋግራ ትቀራለች፤ በኋላ ማንሣት አይቻልም። ለየብቻ ስትቀርጹ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ፤ የጭብጨባው ድምፅ ሁለቱን ለማገጣጠም ይረዳችኋል።

ሁለተኛ፣ የስልክና የቪዲዮ ጥሪ ቅጂ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱ ወጥ አይደለም። መጀመሪያ ላይ የገጠመ ድምፅና ከንፈር አሥረኛው ደቂቃ ላይ ይለያያል። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ወጥ ወደሆነ ፍጥነት ቀይሩትና ከዚያ አስገቡት።

ሦስተኛ፣ ከማሳነስ በፊት ከርክሙ። የሰውየው መጋረጃና መደርደሪያ ለምን ቦታ ይወስዳል? ዳር ዳሩ ሲቆረጥ በዚያው መስኮት ውስጥ ፊቱ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል።

አራተኛ፣ የቀኝ ታች ጥግን እንደ ልማድ አትያዙ። ለቲክቶክና ለሾርትስ በሚሠራ ቁም ቪዲዮ ላይ ያ ቦታ በአፑ ቁልፎችና ጽሑፍ ይሸፈናል፤ በአግድም ቪዲዮ ደግሞ ታች የትርጉም ጽሑፍ ይወጣል። ላይኛው ጥግ ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የምትጠቀሙ ፕሮግራመሮች ኦቨርሌይ ፊልተር ላይ ቦታውን በቁጥር ከመጻፍ በቀመር ጻፉት፤ የትልቁ ወርድ፣ ሲቀነስ የትንሹ ወርድ፣ ሲቀነስ ኅዳግ። የቪዲዮው መጠን ቢቀየርም መስኮቷ ጥጓን አትለቅም።

አምስተኛ፣ ድምፅ ጥግ የለውም። ምስሉን ብታሳንሱትም ድምፁ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል፤ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር አንዱም አይሰማም። ማን እየተናገረ እንደሆነ ወስኑና የሌላውን ዝቅ አድርጉ።

ስድስተኛና ዋናው፣ ሳታወጡት በፊት በስልክ፣ በ360 ጥራት፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ማንበብ ካልቻላችሁ ተመልካቹም አይችልም።

ሶፍትዌር ለምትሠሩ አንባቢዎች ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ይህ ሁሉ በሰው ትዝታ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ፊደሉ ከተወሰነ ፒክስል ሲያንስ የሚያስጠነቅቅ፣ ለምልክት ቋንቋ በ41 በመቶ የተዘጋጀ መስኮት ያለው፣ ስሙና መመሪያው በአማርኛ የሆነ ቴምፕሌት ለኬደንላይቭ ወይም ለሾትከት ማዘጋጀት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ለተመራቂ ተማሪዎች ጥሩ ፕሮጀክት ይሆናል። ፌርፋክስ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶቻችንም፣ አዲስ አበባ ያሉ የሠርግ ቤቶችም ቪዲዮ ያሠራሉ፤ ተጠቃሚው አይጠፋም።

የሠርጉን ቪዲዮ እንደገና ሠራሁት። ምርቃቱ ሲደርስ እናትየው ሙሉ ስክሪን ይሆናሉ፤ የተዘረጉት እጆቻቸው ይታያሉ። ሙሽሮቹ ተንበርክከው «አሜን» ሲሉ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ በላይኛው ጥግ መስኮት ትከፈታለች፤ ምርቃቱና ተቀባዮቹ በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸውና። ወርቃማው ጠርዝ ጠፍቷል፤ ማሽከርከሩም።

ልኬላቸው በማግሥቱ ደወሉ። ስለ ቪዲዮው ምንም አላሉም። «ያቺ በነጭ ቀሚስ እያለቀሰች የነበረችው የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ቪዲዮው መሥራቱን አወቅኩ።