እኛን ለመጠየቅ ፈቃድ አያስፈልግም

እህቶቼ፣ እሁድ ባውሽሪዬ ቡና ላይ ስለ ወደቡ ፍንዳታ ክርክር ተነሳ። አንዷ «ያኔ የአምን ዓም ኃላፊ የነበረው አባስ ኢብራሂም ነገሩን ሸፋፍኖታል» አለች። ሌላዋ «ምን አይተሽ?» አለቻት። ልክ ነች፣ ሰውየው አልተፈረደበትም። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት እዚያ ለዓመታት ሲቀመጥ ዝም ያለው መሥሪያ ቤትም አንድ ብቻ አይደለም።

እኔን ግን አልዋጥ ያለኝ ሌላ ነው። በ2021 ዳኛ ታሬክ ቢጣር ሊመረምረው ፈቃድ ቢጠይቅ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ከለከለ። ሰውየው ዳኛው ፊት የቀረበው በ2025 ነው። ከ200 ሰው በላይ ሞቶ፣ እንደኛ ያሉ ስደተኛ ሠራተኞችም ሞተው!

የማዳሜ ቀለበት የጠፋ ቀን እኔን ለመጠየቅ ማንም ፈቃድ አልለመነም። ሻንጣዬ ተበረበረ፣ ፖሊስ ተጠራ። ቀለበቱ ሶፋ ሥር ተገኘ፤ ይቅርታ እንኳ ያለኝ የለም።

መጠየቅ እኮ መፈረድ አይደለም። ንጹሕ ከሆነ ቶሎ መጠየቁ ለራሱም ይበጀው ነበር። ስለ ጭነቱ መቼ ሰማ? ለማን ነገረ? ከዚያስ ምን አደረገ? እኔ ሸፍኗል አልልም፤ ጥያቄው አራት ዓመት ተሸፍኗል ግን እላለሁ። ኢቃማችንን የሚሰጠን ያው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ስሜን አልጻፍኩም።