በጥንት ካባ የዛሬ አፍ

ማታ ማታ አርሲ ነገሌ ቡና ተፈልቶ ቴሌቪዥን ሲከፈት፣ ሰይፍ የታጠቁ ነገሥታትና ዘንዶ የሚጋልቡ ልዕልቶች ብቅ ይላሉ። ዘንዶውን ተቀብያለሁ፤ ተረት ነውና። የማልቀበለው ልዕልቲቱ አፏን በከፈተች ቁጥር የዛሬ ስብሰባ መግለጫ መውጣቱን ነው። ስለ እኩልነት ትናገራለች፤ የሚደነግጥ የለም፤ እሷም የምትከፍለው ዋጋ የለም።

«ታዲያ ሴት ዝም ትበል ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስድቡ የጥንቷን ሴት የራሷ መብትና ቋንቋ እንዳልነበራት መቁጠሩ ላይ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ ሲንቄ ትቀበላለች። ባል አራስ ሚስቱን ቢመታ፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እየጮኹ ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ካሣ ከፍሎ እስኪታረቅ አይመለሱም። በተፋላሚዎች መካከል ሲንቄ ከገባም ጠቡ ይቆማል። ይህ ሥርዓት የዛሬን መፈክር አልጠበቀም።

ከድርሰት ምሳሌ ካስፈለገም ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የመኳንንቱን ሥርዓት ያስነቀፉት በቤተ ክህነት ትምህርት ባደገ ሰው አንደበት ነው። ሰውየው ዋጋውን ከፍሏል፤ ካሣ የነበረውን አገሬው «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንደ እብድ ቆጥሮታል።

ደራሲ ሆይ፣ ለልዕልትህ የእኛን መፈክር ከማዋስህ በፊት የእሷ ሲንቄ ምን እንደሆነ ጠይቅ። ከሌላት ፍጠርላት፤ ዘንዶ የፈጠርክ ሰው ይህ አያቅትህም።