ምስልን በምስል መፈለግ፦ ሐኪሙን ይረዳዋል ወይስ ያሳስተዋል?

ፓቶሎጂስቷ፦ ስሙን ካላወቅሁት በምን ልፈልገው?

መሽቷል፤ ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው ስላይድ አልገባኝም። ሐምራዊዎቹ ኑክሊየሶች ተጨናንቀዋል፤ ዕጢ መሆኑ ያስታውቃል፣ የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ቀን ቢሆን ስላይዱን ይዤ የአንጋፋውን ሐኪም በር አንኳኳ ነበር፤ «እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ብዬ። ማኅደራችን ውስጥ ይህንኑ የሚመስል፣ ምርመራው ያለቀለት ስላይድ ሳይኖር አይቀርም። የሚፈለገው ግን በቃል ነው፤ የበሽታውን ስም ጻፊ ይለኛል። ስሙን ባውቀውማ ፍለጋ ምን አስገባኝ!

በምስል ሲፈለግ ኮምፒውተሩ ስላይዱን ቆራርጦ የየቁራጩን መልክ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥራቸው የሚቀራረበውን ያመጣል። ከካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዮቲክሰል የተባለ የምስል መፈለጊያ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ 32 የካንሰር ዓይነቶችን በያዙ ወደ 30,000 የሚጠጉ ስላይዶች ላይ ተፈትኗል። የሚመስሉትን ከፊቴ ይደርድርልኝ እንጂ አይቼ የምወስነው እኔ ነኝ።

ራዲዮሎጂስቱ፦ የተመሳሰለው በሽታው ነው ወይስ ማሽኑ?

የባልደረባዬ ችግር የእኔም ነው፤ ስም ፍለጋ ስንት ሌሊት አንግቶብኛል። ግን ኮምፒውተሩ «ይመሳሰላሉ» ያለው ምን አይቶ ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል እና በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተነሱ የደረት ራጆችን መርምሮ ነበር። በማውንት ሳይናይ ራጆች የሳንባ ምች የታየው በ34 በመቶው ነው፤ በሌላው በ1 በመቶ ገደማ ብቻ። ኮምፒውተሩ ራጁ ከየት እንደመጣ ከሞላ ጎደል ሳይስት ለየ። ዓይኑን ከጣለባቸው ቦታዎች አንዱ ራጅ አንሺው ግራና ቀኝን ለመለየት ጥግ ላይ የሚያስቀምጣት የብረት ምልክት ነበረች። ሳንባው አይደለም!

እንዲህ ያለ ዓይን ማኅደር ቢፈትሽልኝ፣ በአንድ ማሽን፣ አልጋ ላይ እንደተኙ የተነሱ አሥር ሕመምተኞችን ራጅ ሊያመጣልኝ ይችላል። አሥር ምስክር አገኘሁ ብዬ እጽናናለሁ፤ ምስክሩ ግን አንድ ነው።

የተለጠፈው ስምም ያሳስበኛል። ያው ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የለቀቃቸው 112,120 ራጆች የበሽታ ስማቸውን ያገኙት ከሐኪሞች ሪፖርት በኮምፒውተር ተለቅሞ ነው። ደክሞኝ ሳለ የመጣልኝን ስም፣ በምን እንደተረጋገጠ ሳላውቅ እንዴት ልመነው?

ፓቶሎጂስቷ ስትመልስ

ዶክተር፣ የብረቷን ነገር እቀበላለሁ። እኛም ጋ የአንዱ ቤተ ሙከራ ቀለም ከሌላው ይደምቃል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ሊታለል ይችላል። እንግዲያው ከየምስሉ ጋር የት እንደተሠራ፣ በየትኛው ማሽን እንደተነሳ፣ ምርመራው በምን እንደተረጋገጠ አብሮ ይምጣልኝ። የአንጋፋው ሐኪማችን ዓይንም እኮ የለመደው የራሳቸውን ቤተ ሙከራ ቀለም ነው፤ እኔ ግን በራቸውን ማንኳኳቴን አልተውኩም።