መረቁ ለታማሚ፣ ሥጋው ለጠያቂ

በሰፈራችን ሉካንዳ አጥንት ምራቂ መሆኑ ቀርቷል። ድሮ አንድ ኪሎ ሥጋ የገዛ ደንበኛ «እስቲ አጥንት ጣል አርግበት» ሲል ቆራጩ ሳይመዝን ይጨምርለት ነበር። አሁን አጥንት ለብቻው ይመዘናል፤ ቅልጥም የሚፈልግማ በጊዜ ካልደረሰ «አልቋል» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ማን ነው የሚሻማው? ጠዋት ጠዋት ቅቅል የሚሸጡ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ሲጠጣ ያመሸው ሁሉ ሲነጋ የሚያንኳኳቸው። አራስ ያለችበት ቤት አለ። ከሁሉም በላይ ግን የታመመ ወይም የተሰበረ ሰው ያለበት ቤት ነው። ክረምት ገብቶ ጭቃው ሰው መጣል ሲጀምር ቅልጥም ከሉካንዳው የሚጠፋው በከንቱ አይደለም።

እኔ ከመረቅ ጋር ጠብ የለኝም። እወደዋለሁ፣ እሠራዋለሁም። የምጣላው መረቁን መድኃኒት አድርጎ ታማሚውን ምግብ ከሚነሳው ልማዳችን ጋር ነው። ቢሆንም አስቀድመን ድስቱን እንጣድ፤ ስለ መረቅ የሚያወራ ሰው መረቅ መሥራት ማወቅ አለበት።

ሰው ሁሉ ቅልጥም፣ ቅልጥም ይላል። ቅልጥም መቅኔ አለው፣ መቅኔ ደግሞ የሚጣፍጥ ስብ ነው። መረቁን የሚያወፍረው ግን መቅኔው አይደለም። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ በጠቅላላው ጅማትና ልም አጥንት የበዛበት መገጣጠሚያ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ እየተፈታ ጄላቲን ይሆናል፤ መረቅ ከንፈር ላይ ሙጭጭ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቆራጩን ከቅልጥሙ በላይ ጉልበት እንዲያበዛልኝ፣ ሥጋው ያልተላጠ ጎድንም እንዲጨምርበት እለምነዋለሁ። ጎበዝ ቆራጭ ከሆነ ግንዱ ላይ ያጋድመውና በመጥረቢያ አንዴ መትቶ ይከፍለዋል። ጀማሪው ግን ደጋግሞ ስለሚቀጠቅጠው ስንጣሪው ይበዛል፤ የመረቅ ስንጣሪ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ነውና ሲያልቅ በወንፊት ማጥለል ግድ ይሆናል።

አጥንቱ ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ደሙ ይወጣለታል። ከዚያ በአዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ መፍላት ሲጀምር አረፋው ይነሳል፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ቆየት ብሎ ግራጫ፣ በመጨረሻ ወደ ቡናማ የሚያደላ። ብዙ ሰው ይህን «የበሽታው ቆሻሻ» ይለዋል። በሽታ የለበትም፤ ከደሙና ከሥጋው ወጥቶ በሙቀት የረጋ ፕሮቲን ነው። የሚገፈፈው መረቁ እንዲጠራ ብቻ ነው። አረፋው ሲያበቃ እሳቱ ይቀነሳል። ከዚህ በኋላ ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ከፈላ ስቡ ከውሃው ጋር ተመቶ መረቁ ይደፈርሳል፣ አፍ ላይም ይከብዳል። ውሃው አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ ማለት አለበት። በዚህ ረገድ አመድ የለበሰ የከሰል ምድጃን የሚያህል አላገኘሁም። የኤሌክትሪኩ ምድጃ ወይ ያቃጥላል ወይ ይጠፋል፤ መብራት ሲሄድማ መረቁም አብሮ ይሄዳል።

ምን ያህል ሰዓት? ከውጭ የሚመጡ የማብሰያ መጻሕፍት የሚሰጡት ሰዓት ለእኛ አይበቃም። የተጻፉት ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ወርደው ቢጥዱት 96 አካባቢ ይደርሳል። ጥቂት ዲግሪ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ሰው ሽሮ ሜዳ ላይ ሽምብራ ቀቅሎ አያውቅም። የበሬ ጉልበት በከሰል ከሆነ ማታ ተጥዶ ቢያድር ነው የሚያምርበት። የቸኮለ ፕሬዠር አለለት፤ ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚያፍነው እዚሁ አዲስ አበባም ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ አጥንቱም በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይተፋል።

ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና እርዱ መጨረሻው ሰዓት ላይ ቢገቡ ይበቃል፤ ቀድመው ከገቡ ጣዕማቸው አልቆ ድካማቸው ብቻ ይቀራል። ኮረሪማ ሁለት ሦስት ፍሬ እጨምራለሁ፤ የማይወድ ይተወው። ጨው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፣ መረቁ እየተነነ ስለሚሄድ አስቀድሞ የተመጠነው ኋላ ይበዛል። በቅርቡ ደግሞ «አቸቶ ጠብ አድርጉበት፣ ካልሲየሙን ያወጣዋል» የሚል ምክር መጥቷል። ጠብ ቢደረግ አይጎዳም፣ የሚያወጣው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ድስቱ ከወረደ በኋላ ወጥ ቤት ተከድኖ አይደር። መፍላት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች አሉ፣ ለብ ያለ መረቅ ደግሞ ምቹ ማደሪያቸው ነው። በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ይቀዝቅዝና ማቀዝቀዣ ይግባ። ጠዋት ስቡ ከላይ ጠጥሮ፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ረግቶ ማንኪያ ሲነካው ከተንቀጠቀጠ መረቅ ወጥቶታል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተደከመበት መረቅ በፔርሙዝ ተሞልቶ ወደ ታማሚው አልጋ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት እግሩ የተሰበረ ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እግሩ በጀሶ ታስሮ ትራስ ላይ ተሰቅሏል፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ፔርሙዙ ቆሟል። እኛ ጠያቂዎቹ ሳሎን ተቀምጠን ከዚያው ድስት የወጣውን ሥጋ በእንጀራና በሚጥሚጣ እየተጎራረስን ነው። ገባ ብዬ «በላህ ወይ?» ስለው «እኔማ የምጠጣ ሰው ሆኛለሁ፤ እናንተ ናችሁ የምትበሉልኝ» አለኝ። አማቱ ሰምተው ከወጥ ቤት ተቆጡ፦ «አንተ ምን ጎደለብህ? ፍሬው በሙሉ እኮ መረቁ ውስጥ ነው!»

ወጌሻውም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ጎረቤቱም፣ ነርሷም ሳትቀር። አጥንት በአጥንት ይጠገናል፣ የአጥንቱ ኃይል ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ሥጋው ገለባ ሆኖ ይቀራል። አባባሉ ያሳምናል፣ ግን ልክ አይደለም። የአጥንት ካልሲየም ከፎስፈረስ ጋር ተጣብቆ የጠነከረ ማዕድን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀቀል ቢያድርም እምብዛም አይሟሟም። አንድ ኩባያ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ሲኖረው፣ የአንድ ኩባያ መረቅ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ሚሊ ግራም አያልፍም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት እንኳ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ አለው። የመረቁ ካልሲየም ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ሳሎን ሆነን የበላነው እንጀራ ከፔርሙዙ ይሻል ነበር።

ጄላቲኑስ? ይህ ጥያቄ ፈረንሳዮችን ብዙ አከራክሯል። ነገሩ የሚጀምረው ከፕሬዠር ነው። ዴኒስ ፓፒን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ አጥንት የሚያለሰልስ፣ ክዳኑ የተቆለፈ ድስት ሠርቶ ለሳይንቲስቶች አሳየ። እንዳይፈነዳ እንፋሎት የሚያስተነፍሰውን መክደኛ ያበጀለትም እሱ ነው። ዓላማው ለድሃ ርካሽ ምግብ ማግኘት ነበር፣ የሚጣለውን አጥንት መብል ማድረግ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የፓሪሱ ኬሚስት ዳርሴ ከአጥንት ጄላቲን እያወጣ በሆስፒታልና በድሆች መመገቢያ መረቅ እንዲታደል አደረገ። ሥጋ ተተካ ተባለ፣ ወጪ ተቀነሰ ተባለ። የሚጠጡት ሰዎች ግን ያጉረመርሙ ነበር። በመጨረሻ የሳይንስ አካዳሚው በፊዚዮሎጂ ሊቁ በፍራንሷ ማዣንዲ የሚመራ ኮሚሽን አቋቁሞ አስመረመረ። ጄላቲን ብቻ የተሰጣቸው ውሾች ከስተው ሞቱ። ማዣንዲ በ1841 ባቀረበው ሪፖርት ጄላቲን ብቻውን ሕይወት እንደማያቆይ አረጋገጠ።

ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1901 እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለይቶ አወጣ። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ የግድ የሚያገኘው ነገር ነው፣ ጄላቲን ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ የለም። ሥጋ ውስጥ አለ፣ እንቁላል ውስጥ አለ፣ ወተት ውስጥ አለ። ዘመዴ አጥንቱን ለመጠገን የሚያስፈልገው ነገር ሳሎን ውስጥ እኛ ጉያ ገብቷል። 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከ25 ግራም ያላነሰ የተሟላ ፕሮቲን አለው። ኩባያ መረቅ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ያለውም ጎደሎ ነው።

ይህን ስናገር የሚቀየሙ አሉ። «እናቶቻችን ሊያስርቡን ነው እንዴ የሚያጠጡን?» ይሉኛል። አይደለም። ድሮ ሥጋ በዓመት በዓል፣ በቅርጫ ነው የሚገኘው፤ ዕጣ ተጥሎ የደረሰን መደብ አጥንቱ ተለቅሞ፣ መረቁ ተለይቶ ለደካማ ይቀመጥ ነበር። በትኩሳት አፉ ለመረረው፣ መዋጥ ላቃተው፣ ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ መረቅ ውሃና ጨው የሚያገባለት፣ ምግብ የሚያስመኘው ነገር ነው። ጉንፋን ሲይዘኝ እኔም ሌላ አልፈልግም። ችግሩ ለሁለት ቀን የታሰበው ለሁለት ወር ሲሆን ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ጥርሱ ደህና ነው።

የጾሙ ነገር ደግሞ አለ። ሁዳዴ መሀል የታመመ ሰው የነፍስ አባቱ «ብላ» ብለው ከፈቀዱለት በኋላ ቤተሰቡ ሥጋውን ትቶ መረቅ ብቻ ያቀርብለታል፣ ግማሽ ጾም ይመስል። መረቁም እኮ ፍስክ ነው። ፈቃድ ያገኘ ሰው ሙሉውን ያገኘ ነው፤ በግማሽ አስገድፎ ግማሹን ማስራብ የማን ሥርዓት እንደሆነ አላውቅም።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ ማርኮ ካኖራ የተባለ ምግብ አብሳይ ብሮዶ የሚል ቤት ከፍቶ የአጥንት መረቅ በመስኮት፣ በወረቀት ኩባያ፣ እንደ ቡና መሸጥ ጀመረ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ቆዳ ያጠራል፣ መገጣጠሚያ ያድሳል፣ አንጀት ይሸፍናል ተባለ። አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርቶን የታሸገውን ትገዛና «እናታችን የምትለው እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ፈረንጅ አረጋገጠው» ብላ ትደውልልኛለች። ፈረንጅ ያረጋገጠው በ1841 ነበር፤ ይኸኛው ያስተዋወቀው ነው። ለማንኛውም በካርቶን ያለው ቢቀዘቅዝ የማይረጋ ከሆነ የጨው ውሃ ገዝታለች።

እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ድስቱ ከወረደ በኋላ ከጎድኑ ላይ ሥጋው ይላጥ፣ ከጉልበቱም የለሰለሰው ጅማት ይለቀም፣ በጣት ይበጣጠስና መረቁ ውስጥ ይመለስ። እንጀራ ተቆርሶ ይፈትፈትበት። ጥርስ ለሌለው ሥጋው ይደቅቅለት። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ወተት ይታከልበት። ጀሶው ሳይፈታ ከሲታ ሆኖ የሚነሳው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ያማከርኳቸው አንዲት እትዬ በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ ክፉኛ አስጨነቃቸው። «ሥጋውን ለሱ ካበላሁት ለጠያቂ ምን ላቀርብ ነው?» አሉኝ።

ቡና አለ፣ እትዬ። ቆሎም አለ።