ካለመናገር ዲግሪ ይቀራል

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገሬ ሰው። የደጃዝማችነቱ ዘመን አልፏል፤ ተረቱ ግን ዛሬም ሥራ አልፈታም። እኔ በዐይኔ ያየሁት ካለመናገር ዲግሪ ሲቀር ነውና።

በ1980 ዓ.ም. ኮሌጅ ስገባ የፍሬሽማንን ዓመት የጀመርኩት ከአንድ የጎጃም ልጅ ጋር ባንድ ዶርም ነበር። ልጁ ወደ አስኳላ የመጣው ከቅኔ ቤት ነው። ሒሳብ ለሱ እንደ ውኃ ነበር። ገና በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲያወርዱት ቆይተው «ጥያቄ አለ?» አሉ። እጁን አወጣ። የጠየቀው ደኅና ጥያቄ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን አፉ ላይ ተሰባበረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም ፈገግ ብለው ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ። ከሳቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም። ማታ ማታ ግን ለኔ ያልገባኝን ሒሳብ በአማርኛ እየተነተነ ያስረዳኝ ነበር። የካቲት ላይ ውጤት ተለጠፈ። እኔ አለፍኩ። እሱን ግን እንግሊዝኛና ድርሰት የሚጻፍባቸው ትምህርቶች ጣሉት፤ ሻንጣውን ተሸክሞ ወጣ።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ምን ተማርክ ብባል መልሴ አጭር ነው፦ ዝም ማለትን። ነባሮቹም የመከሩን ይኸንኑ ነበር፤ ሃንድአውቱን ሸምድድ፣ ያለፈውን ዓመት ፈተና ፈልግ፣ አፍህን ዝጋ። በዚሁ ምክር ተመረቅሁ። መጠየቅን ግን አልተማርኩም።

ምሁራኖቻችን ሽምደዳን ሲያወግዙ ጥፋቱን በቄስ ትምህርት ላይ ማላከክ ይወዳሉ። ግማሽ እውነት ነው። ዳዊት በቃል ይጠናል፤ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ሲደረስ ግን የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪው የራሱን ቆጥሮ የኔታ ፊት ይቆማል፤ ይታረማል፤ ነገ ደግሞ አዲስ ይዞ ይመጣል። ቅኔው በግእዝ ነው፤ ግእዝ ደግሞ ዛሬ ለማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። ምሥጢሩ የሚፈታው፣ ተማሪውም የሚጠይቀው ግን በሚያውቀው ቋንቋ ነው። ኮሌጆቻችን ከየኔታ ወረሱ ከተባለ የወረሱት በቃል መያዙን ብቻ ነው፤ ቆጠራውን ጥለውታል።

«ይህ የድሮ ወሬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ለመሆኑ ምን ተለወጠ? የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ አድርጎታል። መሰናዶ ሲመጣ ቀርቶ የነበረው ፍሬሽማንም በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ደነገጠ። «ልጆቹ ሰነፉ»፣ «ኩረጃ ሲቀር ጉዱ ወጣ» ተባለ። ይሁን። ግን መልሱን እያወቁ የጥያቄው ቋንቋ የጣላቸው ስንት ናቸው ብሎ የጠየቀ ማን አለ?

እንግሊዝኛ ይቅር አላልኩም። መጽሐፉም ሳይንሱም ያለው በዚያ ነው። የምለው፣ ተማሪ ያልገባውን በሚችለው ቋንቋ ይጠይቅ ነው። «በየትኛው ቋንቋ? ሁሉም አማርኛ አይችልም» ለሚለኝ፣ በኦሮምኛም ይሁን፣ በትግርኛም ይሁን፣ መምህሩ ካልሰማው ጓደኛው ያስተርጉምለት። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚስቀውን «ዝም በል!» የሚል አንድ መምህር ነው። ያን ቀን እንዲህ ያለ መምህር ቢኖር ኖሮ እኔም አፍሬ፣ እሱም ተምሮ በወጣን ነበር።

ወላጆችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ልጃችን ለእረፍት ሲመጣ ከበር ላይ የምንቀበለው «ስንት አመጣህ?» ብለን ነው። ዘንድሮ እስቲ አንድ ጊዜ «ምን ጠየቅህ?» እንበለው። መልስ ካጣ ጥፋቱን እሱ ላይ ለመጣል አንቸኩል፤ መጀመሪያ ማን እንደሳቀበት እንጠይቅ።